ሞፈርህን ስቀል፣ ማሽኑ አስቦልሃል

— ሄሎ!... ሄሎ? ማን ልበል?... ማን?... ዓሪፍ! ውይ ወንድሜ! አንተ ነህ እውነት?... ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ! ቆይ፣ እንዳትዘጋ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ከሰው አይደማመጥም፣ ወደ ጓሮ ልውጣ... ሸዋዬ! ንፍሮውን አደራ፣ ውሃው እንዳያልቅበት!... ዓሪፍ ነው! አዎ፣ ራሱ ደወለ!

— እህ፣ አሁን ትሰማኛለህ?... እኔም እሰማሃለሁ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆነህ የምታወራ ትመስላለህ እንጂ... ደህና ነን፣ አልሀምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና። አንተ ግን ምን ሆነህ ነው? አንድ ወር ሙሉ! በደወልኩ ቁጥር ያቺ ሴትዮ፣ "የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም።" ወላሂ ከሷ ጋር ዝምድና ጀምረናል፣ ልጅ ልድርላት ምንም አልቀረኝም።

— እ?... ጫጫታው? ሰው ነዋ! ቅሬው ነዋ! እድሩ፣ ቅሬው በሙሉ እኔ ቤት ነው ያለው። ላንተ ነው የተሰበሰበው... ማሩ ነገረህ? ትናንት በሌላ ቁጥር ስትደውልለት ነው ያወጣው! ያ ሰው አፉን የሚዘጋው ሲተኛ ብቻ ነው፣ ያኔም ያንኮራፋል። እኛ እኮ አሥር ሰዓት ላይ ድንገት ልንደውልልህ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርገን፣ አያ ወርቁ ተነስተው ሊመርቁህ፣ ሁሉም አሚን ሊልልህ። ሥጋ እናድርግ ብለን ነበር፣ ግን ክርስቲያኖቹ የፍልሰታ ጾም ላይ ናቸው፣ ሁላችንም ካንድ ገበታ እንድንበላ ንፍሮ ይሁን ተባለ። ፓፓያም አለ፣ ሰው ሁሉ ከየጓሮው አምጥቶ ቤቱን ሞልቶታል።

— ምን አልክ?... "አትመርቁኝ"?... መስመሩ ነው ወይስ ጆሮዬ?... "ተዉት" ብሎ ነገር ምንድነው? ምርቃት ይተዋል እንዴ? ሰው ስንት አገር አቋርጦ ምርቃት ይለምናል፣ አንተ በልመና ሲሰጡህ... አይ፣ ገባኝ። አፍረህ ነው። ከልጅነትህም ሲያመሰግኑህ መግቢያ ቀዳዳ ይጠፋሃል። ዝም ብለህ ስማኝ። አንተ እዚያ አዲስ አበባ ተቀምጠህ ምን እንዳደረግህ አታውቀውም። ልንገርህ፣ ከዚያ በኋላ አትመርቁኝ በለኝ።

— ጤፉ በቅሏል... አይ፣ በቅሏል ብቻ አይደለም፣ ቁርጭምጭሚት አልፏል! ዛሬ ጠዋት ከአረም ነው የመጣሁት፣ ጥፍሬ ሁሉ አረንጓዴ ነው። የአያ ወርቁ ማሳማ ተወው። ሰውየው ጠዋት ጠዋት ዳሩ ላይ ቆመው ዝም ብለው ያዩታል። "አንቱ ምን ያያሉ አያ?" ብላቸው፣ "እንዳይሄድብኝ ነው" አሉኝ።

— እኮ! አንተ ባትናገር ኖሮ ዛሬ የምናርመው ባዶ መሬት ነበር።

— ሰውየው የመጣ ጊዜ የሆነውንማ አላወራሁልህም። ያን ቀን ስደውልልህ ፋታ የት ነበረና? ስማ፣ ትስቃለህ። ያ የመሥሪያ ቤታችሁ ሰው፣ የ"ነገ ኳንተሙ" ኤርሚያስ... አዎ እሱ፣ ጫማው የሚያብረቀርቀው። ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ ዝናቡ አንድ ሁለቴ ጣል ጣል ሲያደርግ፣ ቅሬው በተሰበሰበበት በነጭ መኪና መጣ። ከመኪናው ነጭ ሳጥን ወረደ፣ በአራት ሰው። ሰማያዊ መብራት ብልጭ ብልጭ ይልበታል፣ ውስጡ እንደ ንብ ቀፎ እምምም ይላል። "ይኼ ኳንተም ኮምፒውተር ነው፣ ሞዴሉ" አለን። ሞዴል የምትለዋን ማንም አልሰማት።

— "ምን ይሠራል?" ቢባል፣ "የዓለም ትልቁ ኮምፒውተር አሥር ሺህ ዓመት የሚፈጅበትን ይኼ በሦስት ደቂቃ ይጨርሳል" አለ። ማሩ እጁን አወጣና፣ "ጌታው፣ የኛ ችግር እስከ ሐምሌ ሃያ ነው፣ አሥር ሺህ ዓመት አልጠየቅንም" አለው... አዎ፣ ሰው ሳቀ። ኤርሚያስም አብሮ ሳቀ። አይናደድም እኮ! የሚናደድ ቢሆን እንጠረጥረው ነበር።

— ከዚያ ደግሞ ቅዝቃዜው። "የዚህ ማሽን ውስጡ ከውርጭ በላይ፣ ከበረዶ በላይ፣ ሰው ከሚያውቀው ብርድ ሁሉ በላይ ይቀዘቅዛል" አለ። እዚህ መርሳ ከተማችን፣ በሰኔ፣ በስድስት ሰዓት፣ የሰው ላብ በጀርባው እየወረደ! ሸዋዬ ምን ብትለው ጥሩ ነው? "እንግዲያው ሁለት ሳጥን ለስላሳ ላስገባበት!"... ኧረ እውነቷን ነው፣ ፍሪጇ ከተበላሸ ስንት ጊዜው። "አይከፈትም፣ ካዩት ይበላሻል፣ ሰው ሲያየው ሥራውን ይተዋል" አላት። አያ ወርቁ ይኸኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ሰው ካላየው ሥራ የሚተው ቀን ሠራተኛ ብዙ አውቃለሁ። ሰው ሲያየው የሚተው ግን ገና ዛሬ ሰማሁ" አሉት።

— ይዘንባል ወይ፣ ተባለ። "ማሽኑ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ይይዛል። ይዘንባልም፣ አይዘንብምም። መጨረሻ ላይ ትክክለኛውን ይመርጥላችኋል"... ሳይንሱ እንደዚያ እንዳልሆነማ አውቃለሁ፣ አንተው ነግረኸናል። እኔ እሱ ያለውን ነው የማወራህ። "ይህ ነገር የሚደርሰው መቼ ነው?" ስንለው፣ "ዓለም ላይ አምስት ዓመት ቀርቶታል፣ ለእናንተ ግን ዘንድሮ ጀምረናል" አለን። ኋላ አንተ ስትነግረን ነው ያወቅነው፣ የዛሬ አምስት ዓመትም የቀረው አምስት ዓመት ነበር አሉ!

— ምን አለ ማሩ?... ቆይ አንዴ ዓሪፍ... ማሩ፣ ምን ሆነህ ጓሮ ድረስ ትከተለኛለህ? ግባ! ስጨርስ እጠራሃለሁ!... እህ፣ ቀጠልኩ።

— አየህ፣ እስከዚህ ድረስ ሰው እየሳቀ ነበር። ስቀን ብንበተን ምንም አልነበረም። የያዘን ሌላ ነው። ወረቀቱ ነው የያዘን።

— ወረቀቱ ነው የምልህ! ያቺ ቢጫ ወረቀት፣ ለሁሉም የታደለችው... ሄሎ? አለህ?... እህ። እኛ መቼስ ብዙ ወረቀት አይተናል፣ የማዳበሪያ፣ የክትባት፣ የምርጫ። ሁሉም የመሥሪያ ቤት አማርኛ ነው፣ አንብበህ ስትጨርስ ምን እንደተባልክ አታውቅም። ይቺ ግን እንደኛ ነው የምትናገረው! "አያ ገበሬ፣ ደመና ስታይ አንገትህ ስንቴ ተቀጨ? ዘንድሮ እረፍ። ሞፈርህን ስቀል፣ ማሽኑ አስቦልሃል። ቀኑን በስልክህ እንልክልሃለን።" ወላሂ አባታችን ከመቃብር ተነስቶ የተናገረ ነው የመሰለኝ። ሰው ሁሉ ሳቁን አቆመ። ማን እንደጻፈው ባውቅ፣ ያንን እጅ... ተወው፣ ዛሬ የምርቃት ቀን ነው፣ አልራገምም።

— እ?... እሺ፣ ልቀጥል።

— አያ ወርቁ የቅሬው ዳኛ አይደሉ? "ቃሉ ጥሩ ነው። በኛ ዘንድ ግን ዋስ የሌለው ቃል አይጸናም። ዋስህን ጥራ" አሉት። ኤርሚያስ መጀመሪያ ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጣ። ቀጥሎ የፈረንጅ ፊርማ ያለበት አወጣ። "እኔ ሰው ነው ያልኩህ" አሉት አያ። ደንገጥ ብሎ ቆየና፣ "የእናንተው ልጅ ዓሪፍ እኛው ጋ ነው የሚሠራው" አይል መሰለህ? ቅሬው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ሻሼን አስተካክዬ ተነሳሁ! "ዓሪፍ ካለበት ዋሱ እኔ ነኝ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ማሽኑን የት አውቄው? ወንድሜን ግን አውቃለሁ ብዬ ነው። በዓለም ላይ ለኳንተም ዋስ የቆመች ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሰውየው እንዲያውም ሰርተፍኬት ሰጠኝ፣ "የኳንተም አምባሳደር" የሚል። አሁን የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ ደፍኜበታለሁ።

— ሞፈሩ ተሰቀለልህ። አሥራ አንድ ቀን! በየጠዋቱ ስልካችን ጢው ይላል፣ "ማሽኑ እያሰበ ነው።" ዝናቡ መጣ፣ ዘነበ፣ ሄደ። "ማሽኑ እያሰበ ነው።" ጎረቤቶቻችን የሐራ ሰዎች ዘርተው ጨረሱ። ከሲሪንቃ እርሻ ምርምር የመጡ ልጆች አፈሩን ጨብጠው አይተው፣ "ጊዜው አሁን ነው፣ ምን ትጠብቃላችሁ?" ቢሉን፣ "ማሽኑ እያሰበ ነው" አልናቸው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

— ኧረ ሌላም አለ! በሰባተኛው ቀን ኤርሚያስ ካሜራ ይዞ ተመለሰ። የስኬት ታሪክ ሊቀርጽ! ምን ስኬት? ገና አንዲት ፍሬ አልተዘራም። አያ ወርቁን ባዶው ማሳ ላይ አቆማቸውና፣ "'ምርቴ በሦስት እጥፍ ጨመረ' ይበሉልኝ" አላቸው። "የቱ ምርት?" አሉ። "የሚመጣው" አላቸው። አያ ወርቁ ካሜራውን አዩት፣ እሱን አዩት፣ "እንግዲያው ሲመጣ ራሱ ይናገር" ብለውት ሄዱ። ዛሬ እንስቃለን፣ ያኔ ግን ማንም አልሳቀም።

— በገበያ ቀን ሽንኩርቴን ዘርግቼ ስቀመጥ፣ ሰላም የሚለኝ ሰው ዓይኑ ሌላ ጋ ነው። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፣ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። ደንቡን ታውቀዋለህ፣ ቃሉ ከታጠፈ ዋሱ ነው ቤት ለቤት እየዞረ አፉ በሉኝ የሚለው። ዘጠና ሁለት በር ነው ዓሪፍ። እሺ ዞርኩ እንበል፣ እሺ አፉ አሉኝ እንበል። ልጆቻቸው ከርሞ ምን ሊበሉ? በአፉታ ድስት አይጣድም።

— በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማሩ፣ "ሁሪያ፣ ወንድምሽን በፊታችን ጠይቂው" አለኝ። ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አደረግሁት። "ዓሪፍ፣ እንጠብቅ ወይስ እንዝራ?" አልኩህ። ትንሽ ዝም አልክ። ኔትወርክ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ ስል ነበር፣ ታስታውሳለህ?... ከዚያ ያልከውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። "እዚህ ማሽን የለም። በውጭ አገር ያሉት ሰዎች በእውነት እየደከሙበት ነው፣ ግን ዝናብ መቼ እንደሚዘንብ ለማንም አልነገረም። መቼ እንደሚደርስ አላውቅም። አውቃለሁ ከሚሉትም የሚያውቅ አላየሁም። ዝሩ። ነገ ዝሩ።"

— ማልቀሴን ሰምተህ ይሆናል። አያ ወርቁ ተነስተው ወጡ። ወዴት ሄዱ ስንል፣ ለካ ሞፈራቸውን ሊያወርዱ ነው! በማግስቱ በሬ ያለው ለሌለው እያረሰ፣ ክርስቲያኑ ለእስላሙ፣ እስላሙ ለክርስቲያኑ፣ በሦስት ቀን ዘጠና ሁለቱም ቤት ዘራ። ሴቱ ሕፃኑ ሳይቀር ማሳ ላይ ነበር። እኔ እግሬ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ስስቅ ስስቅ፣ ሸዋዬ አበደች አለችኝ።

— እና "አላውቅም" ያልክባት ያቺ ቃል ናት ያተረፈችን! ስንቱ መጥቶ አውቃለሁ ብሎን ሄዷል። "አላውቅም" ብሎን የሄደ ሰው ግን ከየትም መጥቶ አያውቅም። ለዚህ ነው የምንመርቅህ። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ የጨበጥከው ይለምልምልህ። ጀዛከላህ ወንድሜ። ሌላ ምን እላለሁ?

— ሳጥኑማ! ትቶት ነው የጠፋው። ማሩ ከፈተው። ካዩት ይበላሻል ተብሎ የለ? ውስጡ አንዲት ማራገቢያና ሁለት አምፖል ብቻ። እንዲያውም ካየነው ወዲህ ነው ሥራ የጀመረው፣ የሸዋዬን በርበሬ እያደረቀ ነው!

— ሄሎ?... ዓሪፍ?... ምነው አትስቅም?... ትሰማኛለህ?

— ምን?... ድገመው... ሰምቻለሁ። ግን ድገመው።

— ወረቀቱን?... ቢጫዋን ወረቀት?... አንተ?

— አለሁ። አልዘጋሁም። ቆይ፣ ልቀመጥ።

— "ሞፈርህን ስቀል" ያንተ ቃል ነው?... የአባታችንን አነጋገር ወስደህ... ለዚያ ነዋ አባታችን የመሰለኝ! አባታችን በዕድሜው ለማን ሞፈርህን ስቀል ብሎ ያውቃል? ለማን?... ዝም በል! አትናገር፣ አንዴ ልናደድበት!

— ...

— እህ... እህ... "እናንተ ጋ እንደሚመጣ አላወቅሁም"... "ለሌላ አገር ገበሬ መስሎኝ"... ሌላ አገር ያለ ገበሬ ጤፍ አይበላም? እሱስ ዋስ የምትቆምለት እህት የለችውም?... እሺ፣ አለቃህ ነው ጻፍ ያለህ። አንተስ? የሚሠራ መስሎህ ነበር?... መጀመሪያ ላይ አምነህበት ነበር። እህ። ከዚያስ?... ከዚያ ማመኑን ተውክ፣ ወረቀቱ ግን ታትሞ ሄዷል። እና ዝም አልክ... ደመወዙን እየበላህ ዝም አልክ። በለው እንጂ፣ ራስህ በለው... እህ።

— እንግዲያው ያን ቀን ስጠይቅህ ዝም ያልከው... ኔትወርክ አልነበረማ!... ያረቢ። እኔ እዚህ ሄሎ ሄሎ እላለሁ፣ አንተ እዚያ ከራስህ ጋር...

— አታልቅስ። እኔ ነኝ የማለቅሰው። ሁለታችንም ካለቀስን ካርድ ማቃጠል ነው።

— ይህን አንድ ወር የት ነበርክ? እውነቱን ንገረኝ... ሥራውን ለቀቅህ? መቼ?... በዚያው ቀን! እና?... የት የት?... በአውቶቡስ?... ወረቀቱ የሄደበት ሁሉ?... አራት ወረዳ! ብቻህን? ምን እያልክ?... "ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው፣ ዝሩ"... አልደበደቡህም?... አንድ ቦታ ብቻ። ስልክህም እዚያ ነው የተሰበረው... ኧረ እነሱንም አላህ ይስጣቸው!... አልሳቅሁም... እሺ፣ ስቄያለሁ። ዘሩ ግን?... ሁሉም?... አንዱ ወረዳ ለጤፍ ረፍዶበት ሽምብራ ሊዘራ አስቧል። እሱም ይሁን፣ ባዶ ከመቅረት... አልሀምዱሊላህ። አልሀምዱሊላህ ያረቢ።

— እና ለማያውቅህ ሕዝብ ሁሉ ቆመህ ስትናገር፣ እኛን ብቻ ፈራኸን?... "እናንተ ስለምታውቁኝ"... እሱስ እውነትህን ነው። የሚያውቁህ ሰዎች ፊት ይከብዳል።

— ስማኝ። እኔ አፉ ብዬሃለሁ... ብያለሁ አልኩ እኮ፣ ሁለቴ አታስብለኝ! ግን የኔ አፉታ የራሴ ብቻ ነው። ዘጠና ሁለት ቤት ሞፈሩን የሰቀለው ባንተ ቃል፣ በኔ ዋስነት ነው። አሁን እዚያ ውስጥ ሊመርቁህ ተቀምጠዋል። ይህን በሆዴ ይዤ አሚን ልበል? አልችልም። አንተም አልቻልክም፣ ለዚህ አይደል የደወልከው?... እንግዲያው ሁለት መንገድ ነው ያለህ። ወይ ስልኩን ዘግቼ እገባና፣ "ዛሬ ምርቃት የለም፣ ንፍሮውን ብሉና ሂዱ" እላቸዋለሁ። ወይ ራስህ ትነግራቸዋለህ።

— አይ፣ እኔ አልነግርልህም! የጻፈው እጅ ያንተ ነው፣ የሚናገረውም አፍ ያንተ ይሁን... ምን እንደሚሉ እኔ ምን አውቃለሁ? ከቅሬ ያስወጡህ ይሆናል። ስትሞት ሬሳህን የሚያነሳ፣ ስትመጣ በሩን የሚከፍትልህ ይጠፋ ይሆናል። አልዋሽህም። እኔንም ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር ሊሉኝ ይችላሉ። ያም ሆኖ።

— አስብበት። እጠብቅሃለሁ... እንደ ማሽኑ አሥራ አንድ ቀን አታስብ ብቻ።

— እሺ አልክ?... እሺ ነው ያልከው?... የኔ ጌታ። ቢስሚላህ። ገባሁ።

— ኧረ አንዴ ዝም በሉ! ማሩ፣ ዝም! ሸዋዬ፣ እሳቱን ተይው፣ ነይ ግቢ። አያ ወርቁ፣ ገና አይነሱ፣ ይቀመጡ... አዎ፣ ዓሪፍ ነው። ከምርቃቱ በፊት የሚናገረው አለው። እኔ ሰምቼዋለሁ፣ እናንተም ስሙት... አይ፣ አልታመመም። ስሙት ብቻ... ዓሪፍ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ። ሁሉም አሉ። በል ተናገር።

— ... ትንሽ ጮክ በል፣ አያ ወርቁ በአንድ ጆሯቸው ነው የሚሰሙት... ቆይ፣ ስልኩን ላስጠጋላቸው... ይኸው፣ ቀጥል።

— ማሩ፣ አታቋርጠው!

— ... ቀጥል፣ እየሰሙህ ነው... የአውቶቡሱንም ንገራቸው... የደበደቡህንም።

— ... ጨረስክ?... ጨርሷል። እንግዲህ ሰማችሁ። ዋሱ እኔ ነበርኩ። ዙሪ ካላችሁኝ ከነገ ጀምሬ ቤት ለቤት እዞራለሁ።

— ... ዓሪፍ፣ አለህ?... ቆይ። አያ ወርቁ መሬት መሬቱን እያዩ ነው... ቆይ አልኩህ እኮ... ተነሱ... ወደ በሩ ሄዱ... አይ፣ አልወጡም። ማሳውን ነው የሚያዩት... ሊናገሩ ነው መሰል፣ ዝም በል።

— ... ሰማህ?... አልሰማህም?... "ሁለቱንም ቃል የተናገረው እሱ ነው፣ እኛ የዘራነው በኋለኛው ነው" አሉ... አዎ! እንደዚያ ነው ያሉት! "በእኛ ቤት ሁሪያ አትዞርም፣ እሱ አራት ወረዳ ዞሮላታል" አሉ... ማሩማ ዝም ብሏል። ማሩ ዝም ሲል አይተህ ታውቃለህ?

— እጃቸውን ዘረጉ። ዓሪፍ፣ እጃቸውን ዘርግተዋል! ሁሉም ዘረጋ። አንተም ስልኩን አስቀምጥና ዘርጋ...

— አሚን!... አሚን!... አንተም አሚን በል እንጂ!... አሚን!

— ዓሪፍ?... ሄሎ?... ሄሎ!... ውይ፣ ተቋረጠ... ግዴለም አያ ወርቁ፣ ይቀጥሉ። ምርቃት ኔትወርክ አይፈልግም።

— አሚን!